ቤት ስንፈልግ ሰፈር ረሳን



ክረምት ሲገባ ቤት የሚቀይረው ሰው ይበዛል። አንዱ የሥራ ዝውውር ደርሶት፣ ሌላው ኮንዶሚንየም ወጥቶለት፣ ሌላው ደግሞ የኖረበት ሰፈር ለኮሪደር ልማት ተነሥቶበት፣ ልጆቹንና ፍራሹን ይዞ ወደማያውቀው ሰፈር ይገባል። እኛም ከእነዚሁ መካከል ነን። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ የሠራነውን ስሕተት ብንጽፈው ለአንድ ቤተሰብ እንኳ ይጠቅም ይሆናል ብለን ነው ብዕር ያነሣነው። እኛ ስንል ባልና ሚስት ማለታችን ነው። ጽሑፉን አንዳችን እየተናገርን፣ ሌላችን እየጻፍን፣ አንዳንዴም እየተከራከርን ነው የጨረስነው።

ደሴ ሳለን ሰፈር የሚመረጥ ነገር መሆኑን አናውቅም ነበር። ሁለታችንም ሸዋ በር አካባቢ ተወልደን አደግን፤ እዚያው ተጋባን፤ ልጆቻችንንም እዚያው ወለድን። ለእኛ ሰፈር ማለት እንደ ወላጅ ነው፤ ሰው ሲወለድ ያገኘዋል እንጂ አማርጦ አይዘውም። የመጀመሪያው ልጃችን ከቤት ወጥቶ መስጊድ እስኪደርስ ድረስ ስንት ሰው «አንተ የእገሌ ልጅ፣ ወዴት ነህ?» እንደሚለው ቆጥረን አናውቅም። ቁም ነገር አልመሰለንምና።

ከዚያ የአባትየው መሥሪያ ቤት ወደ አዲስ አበባ አዛወረው። ዕቃችንን በአንድ አይሱዙ ጭነን፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተጉዘን፣ በነሐሴ ዝናብ ከተማ ገባን። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ ያን ጊዜ ትልቁ የ13፣ ሴቷ የ9፣ ትንሹ የ4 ዓመት።

ቤቱን አስቀድሞ መጥቶ የመረጠው አባትየው ነበር። መስፈርቱ አንድ ብቻ ነው፤ ቤቱ አዛን የሚሰማበት ይሁን። ደላላው ይህን እንደሰማ መሐል ከተማ፣ ከንግዱ ሰፈሮች አንዱ ውስጥ ወሰደው። የሰፈሩን ስም አንጠራም፤ ደጋግ ሰዎች የሚኖሩበት ነውና ስማቸውን ማጉደፍ አንሻም። ሁለት ክፍል፣ አንድ ጠባብ ወጥ ቤት፣ ከአከራዩ ጋር የጋራ ግቢ። መስኮቱን ሲከፍቱት የሦስት መስጊዶች አዛን ተራ በተራ ይሰማል። አባትየው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ዋጋውን እንኳ በወጉ ሳይከራከር እሺ ብሎ ወጣ።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር እንበልና እንለፍ። ኪራዩ በወር 12,000 ብር ነበር፤ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁን። የእናቲቱን ወርቅ ሸጠን ከፈልን። ኋላ ነው የሰማነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ እንዳይቀበል ይከለክላል። ውሉም በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። እኛ የያዝነው ግን ደላላው በሉክ ወረቀት የጻፈልንን ነበር። አንባቢዎቻችን ወርቃቸውን ከመሸጣቸው በፊት ሕጉን ይወቁ።

ወደ ነገሩ እንመለስ። መስጊዱ ትልቅ ነው። ዙህርና ዐስር ላይ ሰዉ ሞልቶ ተርፎ ደጅ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ይሰግዳል። ያልገባን ነገር ቢኖር ያ ሁሉ ሰው ነጋዴ መሆኑ ነው። ሱቁን ቆልፎ ወደየቤቱ ሲበተን፣ መግሪብና ዒሻእ ላይ የሚቀሩት ጥቂት አዛውንቶችና መንገደኞች ናቸው። ሱብሒ ላይ አንድ ሰፍ መሙላቱም ያጠራጥራል። ለልጆች ቁርኣን የሚያቀራ ኡስታዝ ጠይቀን «እዚህ እኮ ልጅ የለም» የሚል መልስ አገኘን። አዎ፣ ልጅ የለም። መጋዘን፣ ሱቅ፣ የተሽከርካሪ ዕቃ መለዋወጫ፣ ከላይ ደግሞ ቢሮ ነው። ሴቷ ልጃችን ግቢው ውስጥ በከሰል ሰኞ ማክሰኞ ብታሰምር ሲሚንቶው ተበላሸ ተብሎ በውሃ ታጠበባት። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት መልስ አልጋ ላይ ተቀምጣ መስኮት ማየት ሆነ ሥራዋ።

ከእኛ በር ሁለት በር አልፎ፣ መስኮቱ ቀን ከሌት በወፍራም መጋረጃ የተሸፈነ አንድ ቤት ነበር። ከሰዓት በኋላ የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ሲገቡ እናያለን። ምን ቤት እንደሆነ ሳይገባን ቀርቶ አይደለም። ሺሻና ጫት መሆኑን አውቀናል። ግን የሰው ልጆች ናቸው፣ የእኛ ልጅ መስጊድ ነው ያለው፣ ብለን አለፍን።

ልጃችን ከትምህርት ቤት ተመልሶ መክሰሱን ይቀምስና «ዐስርን በጀማዓ ሰግጄ እዚያው እስከ መግሪብ ቁርኣን እቀራለሁ» ብሎ ይወጣል። መስጊዱ ሦስት መቶ እርምጃ አይሆንም። ማን ይጠራጠራል?

የ2017ቱ ረመዳን አልፎ ሸዋል ላይ፣ ፊት ለፊታችን ያለው ሕንፃ ዘበኛ አንድ ምሽት አባትየውን ጠራው። ሽማግሌ ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ በሐፍረት፣ እንዲህ አሉት፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልጁ የእርስዎ መሆኑን አላወቅኩም። እዚያ ቤት ሲገባ ካየሁት ሦስት ወር ይሆናል። ሌሎቹ ከሩቅ ሰፈር የሚመጡ ስለሆኑ እሱም እንደነሱ መሰለኝ። ዛሬ ከእናቱ ጋር ሲገባ አየሁት። ባውቅ ኖሮ ጆሮውን ይዤ አመጣልዎት ነበር።»

ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም። ልጁን ስንጠይቀው አልዋሸም፤ አለቀሰ። «ለምን?» ስንለው የመለሰው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። «እዚህ ማንም አያውቀኝም» አለ። እናቲቱ በነጋው ልጆቿን ይዛ ደሴ ልትመለስ ተነሣች። አባትየው ዱላ አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። ማንን ይምታ? ልጁ የተናገረው እውነት ነበርና። ስምንት ወር ሙሉ በእኚያ ሽማግሌ ፊት ጧትና ማታ አልፈናል። ስማቸውን አናውቅም ነበር። በወጉ ሰላም እንኳ ብለናቸው አናውቅም። አዛን የሚሰማበት ቤት ያዝን እንጂ «ይህ የእኛ ልጅ ነው፤ አደራ» ያልነው አንድ ሰው አልነበረንም።

ስለ ጎረቤት የተነገረውን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም የለም፤ እኛም በቃላችን እናውቀዋለን። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ጂብሪል ስለ ጎረቤት ሐቅ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ደጋግሞ ከማሳሰቡ የተነሣ ጎረቤት ውርስ ሊካፈል ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰው ነበር። ኢብኑ ሒባን በዘገቡት ሐዲስም ለሰው ልጅ የደስታ ምክንያት ተብለው ከተቆጠሩት አራት ነገሮች መካከል ሰፊ ቤትና ደግ ጎረቤት ጎን ለጎን ተጠቅሰዋል። እኛ ታዲያ አንደኛውን ፈልገን ሌላውን በደላላ እጅ ላይ ተውነው። የሙሐጂሮችንም ታሪክ ልብ እንበል። መካን ለቀው መዲና ሲገቡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ብቻ አይደለም የሠሩላቸው፤ እያንዳንዱን ስደተኛ ከአንድ የአገሩ ሰው ጋር ወንድም አደረጉት። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ወንድማቸው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ግማሽ ሀብታቸውን ሲሰጧቸው አልቀበልም ብለው የጠየቁት የገበያውን መንገድ ነው። ገንዘቡን አልወሰዱም፤ ወንድምነቱን ግን አልመለሱም። አዲስ አገር የገባ ሰው «የማን ነህ?» ሲባል የሚጠራው ሰው ያስፈልገዋል።

ሁለተኛውን ቤት ስንፈልግ ነገሩ ሁሉ ወደ እናቲቱ እጅ ገባ። አባትየው አልተቃወመም፤ ምን አፍ ኖሮት ይቃወማል! እሷም ደላላ የሚባል አልፈልግም አለች። ቅዳሜና እሁድ በእግር፣ ልጆቹን ይዘን እየዞርን ነበር የምናየው። አንድን ሰፈር ደግሞ በአንድ ሰዓት ብቻ አይታ አትፈርድም። ሱብሒ ላይ፣ ተማሪ በሚለቀቅበት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከዚያ ደግሞ ከመግሪብ በኋላ፤ ሦስት ጊዜ። በቀን መልአክ የሚመስል ሰፈር ከመሸ ሌላ ነው። ከመሸ ብቻ የሚያዩትም ጧት ልጆች ተሰብስበው ትምህርት ቤት ሲሄዱ ካላዩት አያውቁትም።

ጀሞን አየን። ኮንዶሚንየሙ ውስጥ ቤተሰብ ሞልቷል፤ ኪራዩ ግን ከአቅማችን በላይ ነበር። ባየነው ብሎክ ደግሞ የልጆቹ ሜዳ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። አያትንም አየን። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ስለሚሄድ አባትየው ሥራው ሜክሲኮ አካባቢ ነውና ይመቸኛል ብሎ ነበር፤ ሁለት ቀን ሰልፉን ሞክሮት ሐሳቡን ለወጠ። ሌሊት ወጥቶ ሌሊት የሚገባ አባት ለልጆቹ እንግዳ ነው። ከከተማው ዳር ወጣ ብለን ኪራይ ረከስ የሚልባቸውን ቦታዎችም ዞረናል። እዚያ መጀመሪያ የጠየቅነው መስጊዱ ካርታ እንዳለው ነበር። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ መስጊዶች ሕጋዊ አይደሉም ተብለው ሲፈርሱ፣ በዚያም የተነሣ የሰው ሕይወት ሲጠፋ አይተናልና፣ ልጆቻችንን ካስለመድናቸው በኋላ የሚፈርስ መስጊድ ፈራን።

በመጨረሻ ወደ ምዕራቡ ወገን፣ አየር ጤናን፣ ቤቴልንና ዓለም ባንክን ተራ በተራ አዳረስን። ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ የሚኖርበት አካባቢ መሆኑን ሰምተን ነበር፤ ግን ወሬ ሰምቶ መግባት ምን እንደሚያመጣ ተምረናል።

የእናቲቱ አጠያየቅ ለየት ያለ ነው። ሱቅ ገብታ ስኳር ትገዛና ባለሱቁን «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ክረምት መንገዱ ይጨቀያል? የማታ ታክሲ እስከ ስንት ሰዓት አለ?» ትላለች። ይህ የማንም ጥያቄ ነው። ቀጥላ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሰሞኑን እዚህ ሰፈር የሞተ ሰው አለ?» ስትል አባትየው ደንግጦ ክንዷን ያዛት። ዓለም ባንክ አካባቢ ባለች አንዲት ሱቅ ባለሱቁ ሚዛኑን አስቀምጦ ተረከልን። ሐጂ እገሌ ሞተው፣ ሌሊቱን እነ እገሌ ደርሰው፣ የእድሩ ድንኳን በዚህ በኩል ተተክሎ፣ ጀናዛው በእግር ተሸኝቶ፣ ኮልፌ ተቀብረው፣ ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶች ሦስት ቀን ውሃ ሲቀዱና እንግዳ ሲያስተናግዱ ሰንብተው። ሲጨርስ ዓይኑን ጠረገ። እናቲቱ ስኳሯን ይዛ ወጣችና «ሰው አለበት» አለች። በሌሎቹ ሰፈሮች ይህንኑ ስትጠይቅ «እኔ እንጃ» ነበር የሚሏት።

ከሱቁ ወደ ውስጥ በሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ ሴቷ ልጃችን ቆመች። ሰኞ ማክሰኞ ተሠምሯል፤ ግማሹ በእግር ተጠርጓል፤ ኮርኳዋ ሳትቀር እዚያው ተቀምጣለች። ማንንም ሳታስፈቅድ በአንድ እግሯ እየዘለለች እስከ መጨረሻው ሄደች። ከአንዱ በር እኩያዋ የሆነች ልጅ ብቅ ብላ «መስመር ረግጠሻል!» አለቻት። እኛ ለወራት ስንፈልገው የነበረው ይህ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ያገኘነው ቤት ከፊተኛው ይጠባል፤ ኪራዩም በሺህ ብር ያህል ይበልጣል። ለአባትየው ከሁሉ የከበደው መስጊዱ ነው። ሃያ ደቂቃ በእግር ያስኬዳል፤ ለሱብሒ ዳገቱን መውጣት አለበት። ሲያዝን የበኑ ሰሊማን ታሪክ ያስታወሰችው እናቲቱ ነች። እነዚያ የመዲና ሰዎች ቤታቸው ከመስጊድ ስለራቀ ወደ መስጊዱ ሊጠጉ ፈልገው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን በሰፈራችሁ እርጉ፣ ዱካችሁ ይጻፍላችኋል ብለው እንደመለሷቸው ሙስሊም ዘግበዋል። እርግጥ ይህ ለመስጊድ ቅርብ መሆንን የሚያቃልል አይደለም፤ ቢቀርብ በወደድን። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ግን አሁን ወዴት እንደምናዘነብል አውቀናል። መስጊዱም ቢርቅ ሱብሒ ላይ ሦስት ሰፍ ይሞላል። ለሴቶች የራሱ በር አለው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የልጆቹ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

ከሰፈሩ እኩሌታው ክርስቲያን ነው። አንዳንድ ወዳጆቻችን «ሙስሊም ብቻ ያለበት ፈልጉ» ብለውን ነበር። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ምክር መስማት ይከብደዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከሁለት ጎረቤቶቼ ለማንኛው ስጦታ ልስጥ ብለው ሲጠይቁ የተመለሰላቸው በሩ ይበልጥ ለሚቀርበው የሚል ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምርም (ረ.ዐ) በግ ሲታረድ ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ደርሶታል ወይ እያሉ ደጋግመው ይጠይቁ ነበር። ለእኛ ቅርቡ በር የአንዲት ባልቴት ነው። በገባን በሁለተኛው ቀን ጀበናቸውን ይዘው መጥተው «ዕቃችሁ ገና አልተፈታም፤ ቡና እኔ ላፍላላችሁ» ያሉት እሳቸው ናቸው።

ይህን ጊዜ ግን አልዘገየንም። በዚያው ሳምንት እናቲቱ ሙሉ ሰፌድ ቂጣና ቆሎ አዘጋጅታ፣ ልጆቹን አስከትለን፣ ከባልቴቷ ጀምረን እስከ ባለሱቁ፣ እስከ ፀጉር ቆራጩ፣ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ አሥራ አንድ በር አንኳኳን። «አዲስ ገቢዎች ነን፤ ይህ የመጀመሪያ ልጃችን ነው፤ ሲያጠፋ ካያችሁት ቅጡልን።» ልጁ በሐፍረት መሬት መሬት ሲያይ ነበር። ወደ ቀድሞው ሰፈርም ተመልሰን ዘበኛውን ሄደን ጠየቅናቸው። ስማቸውን አሁን እናውቃለን።

ልጁ ዳነ ብለን እንድንጽፍ አትጠብቁን። አሁን 15 ዓመቱ ነው፤ አንዳንድ ቀን ይከፋዋል፣ አንዳንድ ቀን ከእኛ ጋር አያወራም። መስጊድ የሚሄደውም አንዳንዴ ወድዶ፣ አንዳንዴ ተጎትቶ ነው። ያለፈው ወር ፀጉር ቆራጩ ደውሎ «ልጃችሁ ዛሬ ከማላውቃቸው ልጆች ጋር በታችኛው መንገድ ሲሄድ አየሁት፤ ጠርቼ ሻይ አጠጥቼ እዚሁ አስቀምጬዋለሁ» አለን። አባትየው ሊያመጣው ሄዶ ሦስቱም ሻይ ሲጠጡ አምሽተው መጡ።

በነጋው ምሳ ላይ ልጁ ኩርፊያው ሳይለቀው «እዚህ ሰፈር እኮ አንድ እርምጃ መራመድ አይቻልም፤ ሰው ሁሉ ያውቀኛል፤ ደሴ ሆነ በቃ» ብሎ አማረረ። እናቲቱ ቀና ብላ አላየችውም። ወጥ ጨመረችለት።